ከፓምፑ ዘንግ ስለ ሾለከው ማጋጠሚያ

የምስክሩ መጠሪያ፦ ፓምፕ ጠጋኝ፤ በሰፈሩ “አባ ብሎን” የሚባሉ
ዕድሜ፦ 71
የትምህርት ደረጃ፦ በራሳቸው የተማሩ
አድራሻ፦ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ

ጉድጓድ ቆፋሪው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከመሬት በላይ መቀመጥ ስለማይወድ ፍልፈል እንለዋለን። ዛሬ ጠዋት ከጉድጓዱ ግድግዳ የተናደ ድንጋይ እግሩን ይዞት ቀረ። ውሃው ከሥር ስለሚመነጭ፣ ድንጋዩን የሚያነሱት ሰዎች እስኪመጡ እንዳይውጠው ፓምፕ ተከልኩ። ወንድሜም ከታች ሆኖ “ጋሼ፣ ፓምፕህን ጉንፋን ያዘው እንዴ?” እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሞተሩን ከፓምፑ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ማጋጠሚያ፣ ብሎኑ በንዝረት ላልቶ፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሞተሩ ጠፍቶ ብሎኑ ይጥበቅ አልኩ። የልጄ ባል ግን መፍቻ አንስቶ “አባባ፣ ታች ያለው እኮ ወንድምዎ ነው! እንዴት ይጥፋ ይላሉ?” አለኝ። “የሚሽከረከር ዘንግ አማች አይለይም፤ እጅህን ሰብስብ!” አልኩት። አልሰማኝም። መፍቻው የብሎኑን ራስ እንደነካ ተስፈንጥሮ ክንዱን ሰበረው፤ ማጋጠሚያውም ከዘንጉ ሾለከ። ልጁ ክፉ አላሰበም። “አማቹን ገፍቶት ነው” ተብሎ ለፖሊስ ቢነገርም እኔ አልገፋሁትም፤ ይህንን መቼም አልለውጥም።

እሱን ወደ ሐኪም ሸኝተን ማጋጠሚያውን ልመልስ ስል መርማሪው ደርሰው በኤግዚቢትነት ያዙት። “ቃልዎን ሳይሰጡ አይነካም” ስላሉኝ ይኸው እየሰጠሁ ነው።

ወንድሜ አሁን አይቀልድም። ውሃው ደረቱ ላይ ደርሷል። መጮህ ስላቃተው ቧንቧውን በድንጋይ ያንኳኳል፤ እኔም እጄን ቧንቧው ላይ አድርጌ እከታተለዋለሁ። ይህን ስናገር ማንኳኳቱ እየተራራቀ ነው። ማጋጠሚያው ይሰጠኝ። ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀውን ሽብልቅ ቦታው አስገብቼ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ በዳዶ እቆልፈዋለሁ። ከዚያ እሰሩኝ። በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ አሁን እየለመንኩ ነው።

ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ከተገኘበት እኔው ልጠየቅበት።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃሉ ለምስክሩ አልተነበበላቸውም። ኤግዚቢቱን መልሼላቸው፣ ብሎኑን ሲያጠብቁ ዘንጉ እንዳይዞር የያዝኩት እኔ ነኝ። ፓምፑ ተነስቶ ውሃ እየሳበ ነው። ሞተሩ ስለሚጮህ ቧንቧው ይንኳኳ አይንኳኳ መለየት አልቻልኩም። ምስክሩ እጃቸውን ከቧንቧው ላይ አላነሱም።

የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)