ሆን ተብሎ የተበላሸው ኮት

ሲስተር ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሰው ነገር ጥልቅ ላለማለት ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያዋልዱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩ ግማሽ ወደዚህ ዓለም የመጣው በእሳቸው እጅ ነው። እንግዲህ በቃኝ፥ ልረፍ አሉ። ማን ያሳርፋቸዋል! በጠራራ ፀሐይ የሽንኩርት ፌስታላቸውን አንጠልጥለው የሚኖሩበትን ፎቅ ደረጃ ሲወጡ፥ መታጠፊያው ላይ አንድ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቁጭ ብሎ አገኙት። ጥቁር ኮት ለብሷል። ሙቀቱ ሰው የሚያቀልጥ ሆኖ ሳለ ኮቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አፍኖ ይዞታል።

«አንተ ሽቦ! ምን ሆነህ ነው እዚህ የተጎለትከው?»

ቀጥ ያለ ቀጭን ስለሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽቦ ይሉታል። ሲወለድ የተቀበሉት ሲስተር ናቸው፤ «ሴት ናት፥ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ያበሰሩትም እሳቸው። እናቱ ሞታ አጎቱ ልብስ ሰፊው ሲያሳድገው ዓይናቸው እያየ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ራሱ መጥቶ፥ «ሲስተር፥ እኔ ሴት ሆኜ አላውቅም፤ ወንድ ነኝ» ሲል መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፀጉሩን ተቆርጦ፥ እዚሁ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል።

«ሥራ አግኝቼ ነበር» አለ ሽቦ፥ ቀና ሳይል። «ሆቴል ውስጥ፥ እንግዳ ተቀባይ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ጥቁር ሙሉ ልብስ ግዴታ ነው ሲሉኝ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ስንት ልብስ ሰፊ አልፌ፥ ሲስተር! የእሱ እጅ ያረፈበትን ልልበስ ብዬ። አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ለካኝ። ጠዋት ጠቅልሎ ሲሰጠኝ በደስታ በደንብ ሳላየው ለብሼ ሮጥኩ።»

ኮቱን ከእጁ ለቀቀው። ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም ነበር። ደረቱ ለጡት ቦታ እንዲሰጥ ተሰብስቧል፥ ወገቡ ገባ ብሏል፥ ቁልፎቹ በግራ፥ ቀዳዳዎቹ በቀኝ ናቸው። ጥርት ያለ የሴት ኮት!

«ዘበኛው ‹የእህትህን ኮት ነው የለበስከው ወይስ እህትየዋ አንተው ነህ?› አለኝ፥ እንግዶች ፊት። ኃላፊው ሳይቀር ሳቀ። ነገ ደህና ኮት ለብሰህ ካልመጣህ አትምጣ አለኝ። አልሄድም! ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከዚህ ከተማ እጠፋለሁ። የአጎቴንም ዓይን ዳግመኛ አላይም።»

ሲስተር ደማቸው ፈላ።

«ኮቱን አውልቅና ስጠኝ! ክፍልህ ገብተህ ጠብቀኝ። እኔ ሳልመለስ ንቅንቅ ብትል ግን ውርድ ከራሴ!»

ሽንኩርቱን እዚያው ደረጃው ላይ ጥለው ወረዱ። መንገዱን ተሻግረው እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሲገቡ፥ እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሱሪ ይተኩስ ነበር።

«ሲስተር! እንዴት ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ» አለና ወንበር ሳብ አደረገላቸው።

«አልቀመጥም! ይሄን የሰፋኸው አንተ ነህ?» ኮቱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረወሩለት።

«እኔ ነኝ።»

«ተሳስተህ ነው?»

«እኔ በሙያዬ ተሳስቼ አላውቅም» አለ፥ ሙያውን የነኩበት መስሎት። «አውቄ ነው። ለራሷ ብዬ ነው።»

ለራሷ ብዬ! ስንት ግፍ ነው በዚህች ቃል ተሸፍኖ የሚሠራው! ልጁን የሚያዋርደው፥ የሚደበድበው፥ በር የሚዘጋበት ሁሉ ሲጠየቅ ለራሱ ብዬ ይላል፤ ልጁን ራሱን አንዴ እንኳ ጠይቆት አያውቅም። ሲስተር ይህን ቃል በማዋለጃ ክፍልም፥ በሕሙማን አልጋ አጠገብም እየሰሙ ነው ያረጁት። ያን ቀን ግን አንገፈገፋቸው።

«ሲስተር፥ እርስዎ የተማሩ ነዎት፥ እኔ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም» አለ ልብስ ሰፊው፥ ካውያውን አቁሞ። «ግን ያሳደግኳት ልጅ ሴት ናት። ሰው ሲያያት አፍራ ወደ ልቧ ትመለሳለች ብዬ ነው። ለነገሩስ ሴት መሆኗን የነገሩን እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ! እንኳን አነሳኸው! እኔ ያን ቀን ያየሁት የሕፃን ገላ ነው። እትብት እየቆረጥኩ፥ አንድ አፍታ አይቼ የተናገርኩት ነው። ልጁ ራሱን ማን ብሎ እንደሚያውቅ አላየሁም፤ ያንን የሚያይ አዋላጅ አልተፈጠረም። ገላውም ቢሆን እኮ፥ ወንድ ነው ወይም ሴት ናት ለማለት የሚያስቸግር ሕፃን ስንቴ እጄ ገብቷል! ሰውን ሁሉ ሁለት ሳጥን ውስጥ ካልከተትን የምንለው እኛ ነን እንጂ ተፈጥሮስ ብዙ ዓይነት ነው የምታውቀው። እሱ አድጎ፥ ራሱን አውቆ፥ ‹ሲስተር፥ ያን ጊዜ ተሳስተዋል› ሲለኝ፥ እሺ ልጄ አልኩት። ያዋለድኩት እኔ እሺ ካልኩ፥ አንተ ምን ቤት ነህ?»

ልብስ ሰፊው ፈገግ ሊል አለና ተወው።

«ይሄ እኮ ዛሬ የመጣ ነገር ነው፥ ሲስተር። ከስልክ ላይ የለቀሙት ፋሽን ነው።»

«ፋሽን? የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ስልክ ነበረው? ዳንቴል ያለበት ቀሚስ ስትሰፋለት እያወለቀ ከስፌት መኪናው ኋላ ሲወሽቅ፥ ‹ይህች ልጅ ምን ነክቷታል› እያልክ ለእኔ ስታማርር የነበርከው ማን ነው? ያኔስ ማን አስተማረው?»

ልብስ ሰፊው የተኮሰውን ሱሪ አጣጠፈ። ያንን ቀሚስ አልረሳውም። ቢሆንም እጅ አልሰጠም።

«እንዲህ ከሆነማ ያች የጭነት መኪና የምትነዳው ጎረቤታችንም ወንድ ናት በሉኛ! ሱሪ ለብሳ፥ ፀጉሯን ተላጭታ አይደል የምትዞረው?»

«ኧረ ተወኝ! እሷ ሴት ናት። ሱሪው አለባበሷ ነው፥ ደስ ያላትን ትልበስ። ሰው ራሱን ማን ብሎ ያውቃል የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ይለብሳል፥ እንዴት ይራመዳል፥ ድምፁ ቀጭን ነው ወፍራም የሚለው ሌላ ነገር ነው። ለስላሳ ወንድ አለ፥ ወንድነቱ አልጎደለም። ጉልበተኛ ሴት አለች፥ ሴትነቷን ማንም አልወሰደባትም። እሷን ሄደህ ጠይቃት፥ ሴት ነኝ ትልሃለች። ሽቦን ጠይቀው፥ ወንድ ነኝ ይልሃል። ሰውን ስለ ራሱ መጠየቅ ምን ይከብዳል?»

«ሰው ይጎዳታል፥ ሲስተር!» አለ ልብስ ሰፊው፥ ድንገት ድምፁ ተሰብሮ። «መንገድ ላይ ቢደበድቧትስ? እህቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ እኔን ነው። እኔ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም እኮ!»

ፍርሃቱ የውነት ነበር፤ ሲስተርም አልተጠራጠሩትም። ግን ፈራሁ ማለት የበደለን ሰው ነፃ አያወጣም።

«ሰው ይጎዳዋል ብለህ ፈርተህ፥ ሰውን ሁሉ ቀድመህ አንተው ጎዳኸው!» አሉት። ሆቴሉ በር ላይ የሆነውን አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሊሄድ ነው። ያንተንም ዓይን ላያይ ቆርጧል። አደራህን እንዲህ ነው የጠበቅከው?»

ልብስ ሰፊው ሲስተር ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ግን ኩራት ክፉ ነው፤ አሁንም ምላሱን አልተወለትም።

«ኮት ነው እኮ፥ ሲስተር። አንድ ኮት ሰውን ከአገር ያስወጣል?»

«ኮት ነው? እንግዲያው ልበሰው።»

«እኔ?»

«አንተ! ክሳታችሁ የዘር ነው፥ ልክህ ነው። ልበስና ማዶ ሱቅ ሄደህ ክር ገዝተህ ና።»

«ኧረ በሕግ! ሰው ፊት?»

«ኮት ነው እኮ!»

እምቢ ለማለት አፉን ከፈተ፥ ግን የሲስተርን ፊት ሲያይ ዋጠው። ተነስቶ ለበሰ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሊቆልፍ ሲል እጁ የለመደው ቦታ ቁልፍ አጣ፤ ደረቱ ላይ የተሰበሰበው ጨርቅ ባዶውን ተነፍቶ ቀረ። በዚህ መሐል የጎረቤቱ ጫማ ሻጭ ሰተት ብሎ ገባ።

«መቀስ አውሰኝ ልልህ ነበር» አለና ዓይኑን አፈጠጠ። «ወይ ጉድ! ወዳጄ፥ ሚስትህ ኮቷን እንደወሰድክባት ታውቃለች?» ሆዱን ይዞ ተንከተከተ።

«ምን ያስገለፍጥሃል!» ብሎ ጮኸበት ልብስ ሰፊው። «ሰው አይተህ አታውቅም? ውጣልኝ ከዚህ!»

ጫማ ሻጩ መቀሱንም ረስቶ ወጣ። ልብስ ሰፊው ግን እንደቆመ ቀረ። ሁለት እጁን ኮቱ ላይ አድርጎ ደረቱን አፍኖ እንደያዘ ያወቀው ቆይቶ ነው። ሲስተርም ደረጃው ላይ ያዩት ልጅ ፊታቸው ድቅን አለባቸውና ዓይናቸውን መለሱ።

«እኔ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የሳቀብኝም የማውቀው ሰው ነው። ቢሆንም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። እሱ ይሄንን ለብሶ ከማያውቃቸው ሰዎች ፊት ቆመ... እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ቀዳዳው አንዴ ተቀዷል፥ አይደፈንም» አለ። «የፊቱን ሁለቱንም ጎን እንደ አዲስ መቁረጥ ነው።» ከዚያው ጥቅል የተረፈውን ጨርቅ አውርዶ መቀሱን አነሳ። ሌላ ሥራ ይዘው የመጡትን ሁሉ ነገ ኑ እያለ መለሰ።

ሲስተር አሁን ተቀመጡ፤ አፋቸው ግን አልተቀመጠም። «ስማኝ» አሉ። «እኔ እንደ ሽቦ ያለ ልጅ ያለበትን ሁለት ዓይነት ቤት አይቻለሁ። ቤተሰቡ አምኖ የተቀበለው ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት ይመጣል፥ ይማራል፥ ይሠራል፥ ወላጁ ሲያረጅ ይጦራል። ያሳደዱት ልጅ ግን ታሞም አይመጣም፤ ስንቱን በራሱ ላይ እጁን ካነሳ በኋላ ተሸክመው አምጥተውልኛል! እኔ ያከምኩት በሽታ ወንድ ነኝ ማለቱን አይደለም፤ እሱማ በሽታ አይደለም። ያከምኩት የእናንተን ጭካኔ ነው!»

ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል ሰፋ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮቱን በእጁ ይዞ፥ ሲስተርን አስከትሎ የፎቁን ደረጃ ወጣ። በሩን ሲያንኳኳ ሽቦ ከፈተና አጎቱን ሲያይ ሊዘጋው ሞከረ።

«አትዝጋው» አለ ልብስ ሰፊው። «ያበላሸሁት አውቄ ነው። እንድታፍር ብዬ ነው። ይቅር ብትለኝም ባትለኝም ይሄ ያንተ ነው፤ ሥራህን በእኔ ምክንያት አትጣ።»

ሽቦ ኮቱን ተቀበለ። ለበሰ። ቆለፈ። ትከሻውን ቀና አደረገ። አላቀፈውም፥ ፈገግም አላለም።

«ልኬ ነው» አለ። «ነገ ሰው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅህስ ምን ትላለህ?»

«ወንድ ልጄ ነው እላለሁ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት እላለሁ።» ልብስ ሰፊው አፈረ። «ሽቦ ያልንህ እኛ ነን። የቀድሞ ስምህንም ያወጣንልህ እኛው ነን። አንተ ራስህን ማን ብለህ ነው የምትጠራው?»

ሽቦ ነገረው። አጎቱም ስሙን ደገመው፤ ከዚያ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብሎ ጠራው። «አቤት!» አለ ልጁ፥ ዓይኖቹ እንባ ሞልተው። «አውቶቡሱ ይቅርብኝ፥ አጎቴ። ነገ ሥራ ነው የምገባው።»

ሲስተር መወጣጫው ላይ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ንዴታቸው ግን አልበረደም።

«ይህቺን ጥያቄ ለመጠየቅ» አሉ፥ «ልጁ ሰው ፊት መዋረድ ነበረበት?»