ከየሣጥኑ የተመረጠ ከረሜላ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ፣ ከፊቴ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪና አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር።

«ምን አንብበህ ነው የምትስቀው፣ ልጄ?»

«‹ፒክ ኤንድ ሚክስ› የሚሉት ነገር አላቸው፣ እናቴ። እንግሊዞች ሱቅ ገብተው ከየሣጥኑ የወደዱትን ከረሜላ እየመረጡ ባንድ ከረጢት ይቀላቅላሉ።»

«የኛ ቀበሌ ሱቅ አንድ ዓይነት ነው ያለው፤ እሱም ከተገኘ።»

«ከዚህም ከዚያም የወደዱትን ወስደው የቀላቀሉትን ሌላ ነገርም እንዲሁ ይሉታል።»

«ወላሂ የኔን ቤት ነዋ የሚሉት! እኔ ሙስሊም፣ ባለቤቴ ክርስቲያን፤ ልጆቻችን አሊና ተክሌ።»

«እኔም እንደ ባለቤትዎ ክርስቲያን ነኝ፤ ደጋን ከተማ ላለች ሙስሊም ልጅ ሽማግሌ ልኬ መልስ እየጠበቅኩ ነው።»

«አይዞህ፣ እሺ ይላሉ ኢንሻአላህ! ለሰርጉ ሥጋውን በየድንኳኑ ለይ፤ ጭፈራው አንድ ላይ ነው።»

ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ለወንድሜ «ከሌላ ሃይማኖት እንዳታገባ» ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ፖስታ ቤቱን አልፌው ሄድኩ።