አንደኛ የወጣው ጀግና

ዘይዳዬ፣ ከሞጣ ቢቸና ዛሬ እንዴት ቀረበ! ለካ አውቶቡስ ውስጥም ጨዋታ መንገድ ያሳጥራል… ሱቁን ለሐምዱ ትተሽ መጣሽ? ጎበዝ። ሐናንዬ፣ ያን የመመዝገቢያ ወረቀትሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው። አይ፣ ለነገሩ ነው… ነፋስ አይታመንም ብዬ።

ፊልም ሠሪዎቹ ቢቸና የመጡት ለፊልማቸው ክፍል ሁለት ተፋላሚ ሊመርጡ ነው አሉ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ቤት አብረን አየነው አይደል? የሠላሳ ሁለት አገር ጀግና አንድ ደሴት ላይ ሲራገጥ! እኔ ታንጉት፣ በዚህ ዕድሜዬ ወንበር ላይ ቆሜ ጮህኩ እኮ።

ያ የኛ ሰውስ… የሐናን አሠልጣኝ… ስሙ ምላሴ ላይ ሆኖ ጠፋኝ። እንዴት ያለ አዛኝ ነው! ያኔ ለመጀመሪያው ፊልም ልጅሽን መርጠው፣ ስልክ የላትምና በሱ ቢደውሉ፣ «እግሯን ወለም ብሏታል» ብሎ በሷ ፈንታ ራሱ ሄደላት። እንዲህ የሚደክምልሽ ዘመድ አለሽ? እሷማ ያን ቀን ጓሮ ገመድ ስትዘል ነበር… ይሁን እንግዲህ፣ የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል። የአፉን ለየትኛው ወጌሻ እንንገርለት?

ደግሞ ወሬ አያስጠብቅም። ከዚያው ሆኖ «አንደኛ ወጣሁ!» ብሎ ደወለ። ሞጣ በከበሮ መናኸሪያ ወጣች፤ እኔም ያን አዲሱን ጋቢዬን አለበስኩት። ይሙቀው ብዬ ነው… ቆጭቶኝ እንዳይመስልሽ።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። ደወሉ ተደወለ፣ የኛው ሰው ቀድሞ ገባ። የታይላንዱ እግሩን አነሳ… ገና አነሳ እኮ ነው የምልሽ… የኛው ተዘረረ! ትሕትናውን አየሽ? እንግዳ እንዳይደክም ብሎ ሳይመቱት ወደቀ። በቃሬዛ ይዘውት ወጡ። ሠላሳ አንዱ ገና የመውጫ ወረፋ ይጠብቃሉ። ታዲያ ዋሸ ይባላል? ከሱ በፊት የወጣ ማን አለ? የቅኔ ተማሪው ስጦታው ከኋላ ሆኖ «ኅብር ነው! አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ!» ብሎ ሲጮህ፣ እኔማ የሳቅኩት በስጦታው ነው…

እሱ ግን «የወደቅኩት ድርሰቱ እንደዚያ ስለሚል ነው» ይላል አሉ። እኔስ መቼ ካድኩ? ድርሰትማ ይችላል።

ኧረ ከፊት የተቀመጡት ጌታዬ፣ መስኮቱን ይክፈቱት እንጂ፤ ጆሮዎ እኮ ቀላ! ሙቀቱ ነው መሰል… ምን ነበር የምልሽ ዘይዳ? አዎ፣ ዛሬም «ወረቀቷን ስጡኝ፣ እኔ አስመዘግባታለሁ» ብሏል አሉ። ስጪው እንዳልልሽ ይደክመዋል፤ አትስጪው እንዳልልሽ ሰው እንዳይከፋው… ደግሞ ልጅቱ እጅ አላት፣ እግርም አላት። እግሯ ደኅና ነው አይደል ሐናንዬ? አሳይኝ እስቲ… እሰይ!

ደረስን። ቢቸና ናት። እናንተ ልጆች አትጋፉ፣ ለፊተኛው ጌታችን መንገድ ልቀቁ እንጂ! ሐናንዬ፣ አንቺ ቆይ፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ትወርጃለሽ።

ይሂዱ ጌታዬ፣ ይቅደሙ። እንደ ልማድዎ እግዜር በሄዱበት ሁሉ አንደኛ ያውጣዎት!