ሁለቱ ቀይ ጊታሮች

ዘመኑ 2016 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር፤ ጠዋቱ ውርጭ ነበር። ልጄ ስንዱ በከተማችን በመሐል ሜዳ በሠርግ ባንድ ልትጫወት ነውና ኤሌክትሪክ ጊታር ልንገዛ ደብረ ብርሃን ወረድን። ባለሱቁ ሁለት ቀይ ጊታሮች አቀረበ፤ ቁርጥ መንትያ ናቸው። ልጄ አንዱን ስታነሳ ሌላው ያምራታል። ባለሱቁ ደግሞ «አንዴ ከወጣ አይመለስም» ይላል። ምርጫው ጨነቃት።

እኔ የእርሻ ሞፈር ስመርጥ እንደማደርገው አንዱን አነሳሁና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁ።

«አባዬ፣ ኧረ ሰው ያያል!» አለች ስንዱ።

«ይኸኛው ጠሟል።»

ባለሱቁ ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ በሬ አይጠመድበትም።»

«ባይጠመድበትም ጠሟል።»

ልጄ ሁለቱንም ኤሌክትሪክ ላይ ሰክታ ሞከረች። የጠመመው ክሩ እንጨቱን እየነካ ተንጣጣ፤ ሌላው ጥርት ብሎ ጮኸ። ባለሱቁ ሳቁን ዋጠና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጊታሮች ሁሉ አወረደ።

«አባባ፣ እነዚህንም ይዩልኝ።»

አይቼ ከእነሱም ሁለቱን ጠማማ ናቸው ብዬ ጣልኩበት። ቀጥ ያለውን ገዝቼ እንዳይጋጭ በጋቢዬ ጠቀለልኩት። እስከ መሐል ሜዳ የእኔ ጥርስ ሲንገጫገጭ፣ ጊታሩ ሞቆት ገባ።