ኤሊዋን ያላሞቀ ጋቢ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጭኔ ላይ ያለውን ቅርጫት አይታ ምን እንደያዝሁ ጠየቀችኝ። ሊድያ ትባላለች፤ የእንስሳት ሐኪም ናት። ጋቢዬን ገልጬ ኤሊዋን አሳየኋት። ሳምንት ሙሉ ስላልበላች መድኃኒት ፍለጋ ቢቸና ይዣት ሄጄ፣ ባዶ እጄን መመለሴ ነበር።

ልጄ መንግስቴ ሾፌር ነበር። ከዓባይ ድልድይ ቆላ ሁለት ኤሊዎች ለልጁ ለሳባ አመጣላትና በወሩ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አንደኛዋ ኤሊ ባለፈው ክረምት ሞተች። ሳባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ የምታወራው ከኤሊ ጋር ብቻ ነው። ይህችም ከሄደች ልጅቱን በምን እንደምይዛት አላውቅም።

“እማማ፣ ጋቢው ለምንድን ነው?” አለች ሊድያ።

“በርዷት ነዋ። የቆላ ፍጥረት አይደለች? ቀንም አልገልጥላትም።”

“አያሞቃትም እኮ።”

ስድስት ልጅ በጋቢ አሳድጌያለሁ አልኋት፣ ቆጣ ብዬ።

“ልጆችዎ ከገላቸው ሙቀት ያወጣሉ፤ ጋቢው ያንን ይይዝላቸዋል። ኤሊ ግን የራሷ ሙቀት የላትም፤ ከፀሐይ ነው የምታገኘው። እርስዎ ፀሐይዋን ከለከሏት። እስቲ እጅዎን ያስገቡ።”

አስገባሁ። የጋቢው ውስጥ እንደ ጓዳ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ከሰል ባነድድላትስ ብላት፣ ጭሱ ኤሊዋንም ልጅቱንም እንደሚገድል ነገረችኝ። ሰፊ ሳጥን በአንድ ጫፉ ብቻ ይሙቅ አለች፤ ከላይ አምፖል፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ቆጣቢው አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም፤ የድሮው ዓይነት ይሁን። ሌላው ጫፍ ሙቀቱ ሲበዛባት የምትሸሽበት ነው። ሙቀት መለኪያ ቴርሞሜትርም ይግባበት፤ እሱም ጀርባዋ በሚደርስበት ልክ እንጂ ክዳኑ ላይ አይሰቀልም። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቧ እንዳኖር ነገረችኝ።

“ጋቢውን እርስዎ ይልበሱት፤ እርስዎን ያሞቃል” ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። “ያችኛዋንም በዚሁ ጠቅልያት ነበር” አልኋት። ሊድያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የተባልሁትን ሁሉ አደረግሁ። ሦስት ቀን ንቅንቅ አላለችም፤ እኔም ተስፋ ቆረጥሁ። በአራተኛው ቀን ከድንጋዩ ወርዳ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄደች።

“እምዬ፣ ሞቋት ሸሸች” አለችኝ ሳባ። ለእኔ ነው የተናገረችው።

የቆላ ፍጥረት ደጋ ያወጣችሁ ሁሉ፣ አታልብሱ፤ አሙቁ። ሙቀት ስታገኝ ትበላለች፣ የበላችውም ይፈጭላታል፣ ክረምቱንም ትወጣለች። ማወቅ ቀላል ነበር፤ እኔ ዘገየሁ።

ሳባ ጎመን እያቀረበችላት “ያችኛዋም ሳጥን ቢኖራት ትኖር ነበር?” አለችኝ።

“ትኖር ነበር” አልኋት።

ማን እንደጠቀለላት አልጠየቀችኝም። ያችኛዋን የጠቀለልሁ ዕለት አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር።