ቡዳ ይሻላል ወይስ ፔስት

(ባሕር ዳር፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፤ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ይርዳው እና የፋርማሲ ባለሙያዋ ሚስቱ ፋናዬ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ናይሮቢ የምትሠራው ልጃቸው ሶስና ለሠላሳኛ ዓመት ጋብቻቸው እናቷ ወደተማረችበት ወደ ቡዳፔስት ልትልካቸው አስባ "አንዱን ምረጡ" ያለቻቸውን ሁለት ሆቴሎች በስልክ እያገላበጡ ይከራከራሉ።)

ይርዳው፦ አልኩሽ እኮ፤ ኮረብታው ላይ ያለው ይሻላል። ለምን ታደርቂኛለሽ?

ፋናዬ፦ ቡዳ ውስጥ አላድርም ብዬሃለሁ።

ይርዳው፦ የሰፈሩ ስም ነው እንጂ ሰዎቹ አይበሉሽም።

ፋናዬ፦ አምስት ዓመት የተማርኩበትን ከተማ ሰፈር አንተ አትነግረኝም። ከወንዙ ወዲያ ቡዳ፣ ከወንዙ ወዲህ ፔስት። የሐበሻ ልጆች ቤት ስንፈልግ ሁላችንም ፔስት ፔስቱን ነበር። "እማዬ፣ ቡዳ ቤት ገብቻለሁ" ብሎ እናቱን የሚያስደነግጥ ማን አለ?

ይርዳው፦ ቀልዱን ተይውና ይኸን ተመልከቺ። ሁለቱም ባለ አምስት ኮከብ ናቸው። የኮረብታው ግን የራሱ ፍል ውሃ አለው፤ ከመሬት የሚፈልቅ። ለጉልበትሽ መድኃኒት ነው።

ፋናዬ፦ ፍል ውሃ ካማረኝ ወንዶ ገነት እሄዳለሁ። ለጉልበቴማ ካዘንክ ዳገቱን ማን ይወጣልኛል?

ይርዳው፦ መኪና አላቸው፤ ከበር አንስቶ በር የሚያደርስ። ነጭ ጋዋን ይሰጣሉ። ትራስ እንኳን እንደ ምግብ አማርጠሽ ነው የምታዢው፤ የላባ በይ፣ የጥጥ በይ፣ ጠንካራ በይ፣ ለስላሳ በይ።

ፋናዬ፦ አንተ ትራስ የምታማርጥ ሰው ነህ? ጋቢህን ጠቅልለህ አይደል የምትተኛው።

ይርዳው፦ ላንቺ ብዬ ነው።

ፋናዬ፦ ለኔ ካልክ የወንዙን ዳር በለኝ። መኪናም አያስፈልገው፤ ከበሩ ስትወጣ ውሃው እግርህ ሥር ነው። በረንዳውን አየኸው? ሁለት ወንበርና አንዲት ጠረጴዛ። ቁርስህን ይዘህ ትወጣና ዳኑብን ቁጭ ብለህ ታያለህ። የዚህን ከተማ ልጅ ሁሉ በዳኑብ ያደነቆርከው አንተ አይደለህም እንዴ?

ይርዳው፦ ዳኑብን አውቀዋለሁ። ከጥቁር ጫካ ተነሥቶ ጥቁር ባሕር እስኪገባ በጠመኔ ስስለው ነው ጡረታ የወጣሁት።

ፋናዬ፦ አይተኸው ግን አታውቅም።

ይርዳው፦ አንቺ አይተሽልኛላ።

ፋናዬ፦ አሁን ይሄ ምን ማለት ነው?

ይርዳው፦ ምንም። ደግሞ ከኮረብታውም ላይ ወንዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ድልድዮቹ ሳይቀሩ። ልክ እንደ ካርታ።

ፋናዬ፦ ካርታውንማ ዕድሜህን ሙሉ አየኸው። ውሃውን እይ እንጂ።

ይርዳው፦ ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። እኔ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ ላይ ነው የምኖረው። የፈረንጅ ወንዝ አያስደነግጠኝም።

ፋናዬ፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ያንተን ዓይነቱን ነው።

ይርዳው፦ እሺ፣ ያረፉበት ሰዎች የጻፉትን ላንብብልሽ። ስለ ወንዙ ዳር ሆቴል አንዱ እንዲህ ይላል፤ "ባቡሩ በመስኮቴ ሥር እያለፈ እንቅልፍ ነሣኝ።" ሌላዋ ደግሞ "ሊፍቱ አሮጌ ነው፤ እየቃተተ ነው የሚወጣው" ትላለች።

ፋናዬ፦ ድሮም ይቃትት ነበር።

ይርዳው፦ ድሮም?

ፋናዬ፦ እንዲያው ነው ያልኩት።

ይርዳው፦ ገብተሽበታል ማለት ነው።

ፋናዬ፦ ሆቴል ነው ይርዳው። ሰው ይገባበታል።

ይርዳው፦ በተማሪ ኪስ? "ድንችና ጎመን በልቼ ነው የተመረቅሁ" እያልሽ አንጀቴን ስትበይው ኖረሽ፣ ለካስ የመስታወት መብራት ሥር ሊፍት ስትሳፈሪ ነበር።

ፋናዬ፦ የምረቃችን ራት ነው። ፋኩልቲው ነው የጋበዘን።

ይርዳው፦ አውቃለሁ።

ፋናዬ፦ ካወቅህ ምን ትመረምረኛለህ?

ይርዳው፦ ደረጃውን ነው ያወቅሁት። ይኸው ፎቶውን አጉይው። ነጭ እብነ በረድ፣ የናስ መደገፊያ፣ መታጠፊያው ላይ የአንበሳ ራስ። አሁን ቀና በይና ግድግዳችን ላይ ያለውን ፎቶሽን እይው። በሰማያዊ ቀሚስ የቆምሽበት ደረጃ የትኛው ነው?

ፋናዬ፦ ሶስና ፎቶዎቹን ከላከች ጀምሮ ስታጠና የሰነበትከው ይህን ነው?

ይርዳው፦ ከተጋባን ጀምሮ ቁርሴን የምበላው ከሱ ፊት ለፊት ነው። የአንበሳውን ጥርስ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ትከሻሽ ላይ ያረፈውን እጅም አውቀዋለሁ።

ፋናዬ፦ የምን እጅ?

ይርዳው፦ ፋናዬ።

ፋናዬ፦ እሺ። እጅ አለ።

ይርዳው፦ ነጭ እጅ። ሰዓት ያሰረ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ሰፋ ያለ። ሰውየውን በመቀስ ቆርጠሽ ጣልሽና እጁን ተውሽው።

ፋናዬ፦ እጁን ልቁረጥ ብል የራሴን ትከሻ መቁረጤ ነው። ከዚያ አገር የተረፈኝ ፎቶ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ይርዳው፦ ሌላው ባል በሰው ይቀናል፤ እኔ በእጅ ቀናሁ። ሙሉ ሰው ቢሆን መልኩን አይቼ "ይሄ ነው እንዴ?" ብዬ ይወጣልኝ ነበር። እጅ ብቻ ሲሆን የቀረውን አንተው ትሞላዋለህ። እኔ ስሞላው ደግሞ ምንጊዜም መልከ መልካም ነው የሚሆንብኝ። ረጅም።

ፋናዬ፦ ረጅም እንኳን አልነበረም።

ይርዳው፦ ይኸው፤ ቁመቱን አልረሳሽም።

ፋናዬ፦ አጭር ነበር ስልህም ልትከፋ ነው?

ይርዳው፦ ስሙ ማን ነበር?

ፋናዬ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዛሬ ምን ያደርግልሃል?

ይርዳው፦ ስሙን ብቻ።

ፋናዬ፦ ጋቦር። አብሮኝ ነው የተማረው። ጆሮው ትልልቅ ነበር፤ ሲናደድ ይንተባተብ ነበር። ይበቃሃል?

ይርዳው፦ በእንቅልፍ ልብሽ በነሱ ቋንቋ የምታወሪው ከሱ ጋር ነው?

ፋናዬ፦ በእንቅልፍ ልቤ ፈተና ነው የምፈተነው። ፕሮፌሰሩ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ መልሱ ይጠፋኛል። በቅዠቴ ነው የምትቀናው።

ይርዳው፦ ያን ቀን ደረጃው ላይ ምን አለሽ?

ፋናዬ፦ ምንም ማለት አለበት?

ይርዳው፦ ትከሻ ላይ እንዲያ ያረፈ እጅ ምንም ሳይል አይቀርም።

ፋናዬ፦ ቅሪ አለኝ።

ይርዳው፦ እህ።

ፋናዬ፦ ቅሪና እንጋባ አለኝ፤ ሰው እየወጣ እየወረደ፣ እዚያው ቆመን። አይሆንም አልኩት። ወዲያው ፎቶ አንሺው መጣ። ፎቶው ላይ የምስቅ መስዬህ ይሆናል እንጂ ዕንባዬን ውጬ ነበር።

ይርዳው፦ ለምን አይሆንም አልሽው?

ፋናዬ፦ ለሱም አልነገርኩትም። እዚያ አገር ሰው ዘወር ብሎ ሳያየኝ መንገድ ተሻግሬ አላውቅም። የሚጠላኝም ያየኛል፤ የሚወደኝም ያየኛል። ደከመኝ። ማንም ልብ የማይለኝ ቦታ ናፈቀኝ።

ይርዳው፦ ማንም ልብ የማይልሽ ቦታ ፈልገሽ መጣሽና እኔ ልብ አልኩሽ።

ፋናዬ፦ ሳያምህ ራሴን አመመኝ እያልክ የሆስፒታሉን መድኃኒት መስኮት ደጋግመህ ስታንኳኳ፣ ምን ላድርግ? አዘንኩልህ።

ይርዳው፦ አየሽ፣ አዘንሽልኝ። እሱን ወደድሽው፤ ለኔ አዘንሽልኝ።

ፋናዬ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚህ ሁሉ ቃል ያችን አንዷን መርጠህ ያዝክ?

ይርዳው፦ አንድ ነገር ልንገርሽ? እኔ ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ልማር ሙሉ ልብስ አሰፍቼ፣ የዘመድ ስንብት በልቼ ነው የቀረሁት። ልንሄድ ስንል በኔ ቦታ የባለሥልጣን የወንድም ልጅ ገባ። ልብሱን አስተማሪ ሆኜ ለበስኩት። ተማሪ ፊት ቆሜ "ዳኑብ ቡዳፔስትን ለሁለት ይከፍላታል" እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ያየችው ሴት ወጥ ታወጣልኛለች። ያየችው ብቻ አይደለም፤ ዳሩ ላይ የተወደደች። የቀናሁት በእጁ ብቻ መስሎሻል?

ፋናዬ፦ ላይፕዚግን አንድም ቀን አንሥተህልኝ አታውቅም።

ይርዳው፦ ምን ብዬ? በወንዝ ቀናሁ ብዬ?

ፋናዬ፦ እንግዲያውስ ወንዙ ዳር እንረፍ። ስትነቃ መጋረጃውን ግለጥና ያንተ ይሁን። ደረጃው እንደሆነ ደረጃ ነው፤ የቆመበት ሰው የለም።

ይርዳው፦ በወጣን በገባን ቁጥር ያን እጅ ስፈልግ ልሰንብት? በሊፍቱም እኮ አብራችሁ ወጥታችኋል።

ፋናዬ፦ ከነፕሮፌሰሩ ታጭቀን።

ይርዳው፦ አይሆንም። ኮረብታው ላይ ነው የምናርፈው።

ፋናዬ፦ ይርዳው፣ ቀልድ አይደለም፤ ስማኝ። የወንዙ ዳር ይሻላል ስል ለኔ ብዬ አይደለም።

ይርዳው፦ ለማን ብለሽ ነው?

ፋናዬ፦ ላንተ። ለሁለታችንም።

ይርዳው፦ እንዴት ሆኖ?

ፋናዬ፦ እንዲሁ እመነኝ። ዛሬ ብቻ፣ ለምን ሳትል እሺ በለኝ።

ይርዳው፦ መምህር ነኝ እኔ፤ ለምን ሳልል አልኖርኩም። አሁን ለሶስና ልጽፍላት ነው።

ፋናዬ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ይርዳው፦ "ልጄ፣ እናትሽና እኔ ተስማምተን የኮረብታውን መርጠናል።"

ፋናዬ፦ ተስማምተን?

ይርዳው፦ "አባትሽ መርጧል" ልበላት? ልጅቷ ምን ትለናለች?

ፋናዬ፦ ጻፍ። የፈለግኸውን ጻፍ። ብቻ በኋላ እኔን እንዳትወቅሰኝ።

ይርዳው፦ ላክሁት። ፈጣን ናት፤ ይኸው መለሰች። "አባዬ፣ አሁኑኑ ያዝኩላችሁ። ቅናሽ ስለሆነ መቀየር አይቻልም፤ እንኳን ተስማማችሁ" ትላለች።

ፋናዬ፦ መቀየር አይቻልም?

ይርዳው፦ ምን ይቀየራል? ነፍሴ አሁን መለስ አለች። አትቀየሚኝ፣ ፋናዬ። እንደደረስን ድልድዩን ተሻግረን ያን ደረጃ እናየዋለን። ክንድሽን ይዤ እወጣዋለሁ፤ እነሱ የሚኮሩበትን ኬክም እጋብዝሻለሁ። እንደ ሰው ገብቼ መውጣቱን እችላለሁ። ማደሩ ነው ያቃተኝ።

ፋናዬ፦ ስታሸንፍ እኮ ደግ ሰው ነህ።

ይርዳው፦ ላናድድሽ አልነበረም። አንዳንዴ ሳስበው እኔም በራሴ እስቃለሁ። ሰውየውስ እስከዛሬ በሕይወት አለ ብለሽ ነው?

ፋናዬ፦ አለ።

ይርዳው፦ ማን ነገረሽ?

ፋናዬ፦ አብራኝ የተማረችው ትርሲት። አምና ለስብሰባ ሄዳ አግኝታዋለች። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅም አልወለዱም። ከእናቱ በወረሰው ቤት ብቻውን ነው የሚኖረው አለችኝ። ስለኔም ጠይቋታል።

ይርዳው፦ አምና ሰምተሽ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልሽኝ?

ፋናዬ፦ ብነግርህ መንገዱን ትሰርዘው ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ከተማ አንድ ጊዜ ካንተ ጋር ልየው ብዬ ነበር፤ ሰው ዘወር ብሎ ሲያየኝ አብሮኝ የሚታይ ሰው ይዤ።

ይርዳው፦ ከተማው ሰፊ ነው። አንገናኝም።

ፋናዬ፦ ሰፊ ነው።

ይርዳው፦ የእናቱ ቤት ወዴት በኩል ነው?

ፋናዬ፦ አንተ ከመረጥከው ሆቴል በስተጀርባ። እኔ ፔስት ፔስት ያልኩት መሀላችን ወንዝ ይኑር ብዬ ነበር፤ አንተ አጥር ለአጥር አደረግኸን።