ዘንቢሌ ውስጥ የነበሩት ቢላዎች

በእኛ ጊዜ ስል የንጉሡን ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ አምና ነው፣ እኔ የማወራው ነገር ሁሉ ቶሎ ያረጃል። እዚህ በሰው አገር፣ ሁርሊንግሃም የሚባለው ሰፈር ያለችውን ምግብ ቤቴን ታውቋት የለ? ከጎኔ ልብስ ሰፊዋ ዘይነባ አለች፣ የወሎ ልጅ። ታዲያ ከተማው ውስጥ ፈንጂ ፈነዳ ተባለና የሕንፃችን ባለቤት ማማ ንጄሪ ዘበኛውን ኦሞንዲን "የሚገባውን ፈትሽ" አለችው። ፍተሻ ማን ይጠላል? ግን ኦሞንዲ የሚፈትሸው ሂጃብ ያደረገችውን ብቻ ሆነ። እኔን "ፒታ ማማ" ይለኛል፣ እለፊ ማለቱ ነው። የዘይነባን ቦርሳ ግን ሰው ፊት ይዘረግፈዋል፣ ክር፣ መቀስ፣ ሜትር፣ በቀን አራት ጊዜ። ደንበኞቿም ቀሩ። እኔስ? እኔማ አልፋለሁ፣ ልዋሻችሁ እንዴ? ወር ሙሉ አለፍኩ።

አንድ ሰኞ ዘይነባ መጣችና "እትዬ፣ ሱቁን ልለቅ ነው" አለችኝ።

"ወዴት?"

"ኢስሊ፣ ሙስሊሙ የሚበዛበት ሰፈር። እዚያ ብጠረጠርም ብቻዬን አይደለሁም።"

ይቺ ነገር ስታንገበግበኝ አደረች። እና በማግስቱ የሕንፃውን ሴቶች፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ የቢሮዎቹን ልጆች፣ ሁሉንም ከዘይነባ ኋላ አሰለፍኳቸው።

"ኦሞንዲ፣ እኛንም ፈትሸን።"

"ማማ፣ አንቺንማ አውቅሻለሁ።"

"እሷንስ ስድስት ዓመት አላወቅካትም?"

ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ወጣ፣ መኪና ጡሩምባውን ያንባርቃል፣ እና ማማ ንጄሪ እየተንደረደረች መጣች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፍተሻ ነዋ። አንቺ አይደለሽ ያዘዝሽው?"

"እንግዲያው ፈትሻቸው" አለችው ተናዳ፣ "ከዚችው ጀምር።" እኔን እኮ ነው።

ታዲያ እናንተዬ፣ ለካ ረስቼዋለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ የወጥ ቤቱን ቢላዎች ከሚስልልኝ ሰውዬ ተቀብዬ ነው የምመጣው። ኦሞንዲ ከዘንቢሌ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አውጥቶ ፈታ፣ አንድ አወጣ፣ ሁለት አወጣ፣ ሰባት ቢላ።

"በዚህ ነው የምትገቢው?" አለች ማማ ንጄሪ።

"በየሳምንቱ። እሱ ፒታ ማማ እያለኝ።"

ዘይነባ አፏን በሂጃቧ ጫፍ ያዘች፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ማማ ንጄሪ ቢላዎቹን አየች፣ የዘይነባን ቦርሳ አየች፣ እና ቀስ ብላ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይፈተሻል፣ እኔም ጭምር። የማንም ዕቃ ግን ሰው ፊት አይዘረገፍም" አለች።

ዘይነባም አልሄደች፣ ይኸው ቀሚሴን የሰፋችው እሷ ናት። አሁን ሽንኩርቴን ተሸክሜ ተሰልፌ ሳጉረመርም ከኋላዬ ትጮሃለች፦ "ቢላ የያዘች ትቅደም!" ሰልፉ ሁሉ ይስቃል። ኦሞንዲም ይስቃል። ስቆ ግን ይፈትሸኛል።